ብርቱካናማው ስፒና

የባትሪ መቀየሪያ ጣቢያው ባለቤት ክዳኑ በተነሣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሾፌሮች «ቶሎ ቶሎ» ይሉት ነበር፤ ያለቀው ባትሪ ከመኪናው ሆድ ወርዶ ሙሉው እስኪገባ ድረስ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣምና። አሟሟቱም ስሙን አላሳፈረም።

መርማሪዋ ነገር ሁለቴ የምታስደግም፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ጎንበስ ብላ አየችው። የሟቹ እጆች እስከ አንጓቸው በግራሶ ተለውሰዋል። የቱታው የደረት ኪስ ግን ንጹሕ ነው፤ ቁልፉም ተቆልፏል። ስትከፍተው ብርቱካናማ ስፒና አገኘች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የባትሪው ስፒና» አለች የጣቢያው ቴክኒሻን። «ሲነቀል ባትሪው ይሞታል፤ ሲሰካ ይነሣል። ሕጋችን አንድ ነው፦ የነቀለ ኪሱ ይከታል፤ ሥራው ሳያልቅ ለአባቱም አይሰጥ። ሌላ ሰው ቢሰካበት አለቀለት።»

«ይኸው ነቅሏል። ታዲያ ኤሌክትሪኩ እንዴት ገደለው?»

«አሮጌ ባትሪ አይታመንም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቢሮ ውስጥ ክራቫቱን ያላላል።

«ጣቢያውን እንሽጠው አልኩት እንጂ ሙት አላልኩትም፤ ይመኑኝ። ነገ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚሞላ ባትሪ ይመጣል። ያኔ ማን ሊቀይር ይሰለፋል?»

«እሱስ?»

«ነገ የኛ ነው አለኛ! መቼ ሰው ይሰማል? ስፒናውን ኪስህ አድርግ እየተባለ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ‹ቶሎ ቶሎ› ነው።»

የሟቹ ሚስት በባሏ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ወርክሾፑን እግሬ ረግጦት አያውቅም፤ ሽታው ራሴን ያመኛል። ጠላት? ኧረ እሱ ደግ ነበር፣ እትዬ! ቴክኒሻኗ እንኳ ልጇ ታክሲው ውስጥ ከተቃጠለ ወዲህ ስትፈዝ አላባረራትም።»

«ልጇ ባትሪ የሚቀይረው የት ነበር?»

«እዚሁ ነዋ! ለሠራተኛ ቤተሰብ ቅናሽ አለን።»

መርማሪዋ ወደ ወርክሾፑ ተመልሳ የተከፈተውን ባትሪ ጎን በጥፍሯ ፋቀች። ከአዲሱ ቀለም ሥር ቀይ ጭረት ብቅ አለ።

«ቀይ ምን ማለት ነው?» አለችው ተከትሏት የገባውን ወንድምየውን።

«የተወገደ ማለት ነው» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «የምታሰምረው ቴክኒሻኗ ናት።»

ሦስቱንም አንድ ባዶ ባትሪ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«አትፍሩ፣ ያለቀለት ነው። ተራ በተራ ስፒናውን ንቀሉ።»

ሚስትየው በሁለት ጣቷ ነቅላ «የት ላድርገው?» አለች። ወንድምየው ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቴክኒሻኗ ነቀለች፤ ደረት ኪሷ ከተተች፤ ቆለፈች። ከዚያ የገዛ እጇን አየችው።

«ሟቹ ጠረጴዛ ላይ የሚጥል ሰው ነበር» አለች መርማሪዋ። «በዚያ እጁ ኪሱን ቢነካው ኖሮ ኪሱም ቁልፉም ግራሶ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ከተተለት። ሚስቱ ሕጉን አታውቅም። ወንድሙ ልማዱን ያውቃል፤ ጠረጴዛው ላይ በተወው ነበር። እጁ ሳያማክረው ኪስ የሚከት አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የጣለውን አንስተሽ ሰካሽበት። ሲሞት ነቅለሽ፣ እንደ ደንቡ ቆለፍሽለት።»

ቴክኒሻኗ አልካደችም።

«ቀይ ያሰመርኩበትን ቀብቶ መደርደሪያ ላይ መለሰው። ዞሮ ዞሮ ለልጄ ደረሰው። ትናንት ሌላ ቀይ ከፍቶ ሲጠጋግን አገኘሁት። ‹የልጄ አፈር ሳይደርቅ?› ብለው፣ ‹ቶሎ በይ› አለኝ። ቶሎ አልኩለት።»

ሚስትየው ልቅሶዋን አቆመች። መርማሪዋ እጇን ዘረጋች።

«ስፒናውን ስጪኝ፣ እህቴ።»

ውጭ ተራ የሚጠብቁ መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። ቴክኒሻኗ መደርደሪያው ላይ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ ባትሪዎችን አየች።

«ሥራው አላለቀም።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ጣቢያውን ዝጋው። የተቀባ ሁሉ ይፋቃል፤ የወጣውም ተጠርቶ ይመለሳል።»

ወንድምየው ሚስትየውን አየ፤ ከዚያ ሄዶ ዋናውን ማብሪያ አወረደው። ባትሪ የሚያነሣው ማሽን ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ ቴክኒሻኗ የኪሷን ቁልፍ ፈታች።