የሁለት ቁጥሩ ቀኝ ክንድ

ኡኤሌሴ ከሜዳው መስመር ዳር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የራግቢ ኳሶች ዙሪያውን ተበትነዋል። ላየው ሰው፣ ብቻውን ውርወራ ሲለማመድ አዳልጦት የወደቀ ይመስላል። ኢንስፔክተር ፉዋቲኖ ግን ተረከዙ ሣሩን እያረሰ የመጣበትን ፈለግ ተከትላ እስከ መልበሻ ቤቱ የሲሚንቶ ደረጃ ደረሰች። ደሙ እዚያ ነበር።

«ሞቶ ነው ወደ ሜዳ የመጣው» አለች። «ጎትተውታል።»

ሟቹ ለሳሞአ ብሔራዊ ቡድን አሥር ዓመት ሁለት ቁጥር ለብሶ የተጫወተ ነው። ሁለት ቁጥር ማለት ሁለቱ ቡድኖች ተቃቅፈው አንገት ለአንገት በሚገፋፉበት ግፊያ መሃል፣ ግራና ቀኝ በቆሙት ሁለት ግዙፎች ትከሻ ላይ ክንዶቹን ጥሎ ኳሷን በእግሩ የሚስብ፣ ከመስመር የወጣችውንም ከራሱ በላይ አንስቶ የሚወረውር ነው። አንገቱን ሸጦ የሚበላ እንለዋለን እኛ ሰፈር።

ትናንት ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙ ቡድኑን በአውቶቡስ ይዞ ሲሄድ አራት ሰዎች ቀሩ፤ ኡኤሌሴ፣ በግራው የሚቆመው ሌቪ፣ በቀኙ የሚቆመው ፔሳሚኖ፣ ተጠባባቂው ሁለት ቁጥር ሴቴፋኖ። ከመካከላቸው ፔሳሚኖ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ የመንደሩ አለቃ ሌኦታ ጊዜ አላጠፋም፤ የፔሳሚኖ ቤተሰብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩን ለቆ ይውጣ ብሎ ፈረደ። እኛ ዘንድ አንዳንዴ ፍርድ ከምርመራ ይቀድማል፤ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። የፔሳሚኖ እናት ድስቶቿን ትሸክፍ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ፉዋቲኖ።

ፔሳሚኖ አቀረቀረ። «የሞተ ሰው ምስጢር ነው።»

«እናትህ ከነድስቷ መንገድ ላይ ልትወድቅ ነው። ለማን ብለህ ነው የምትደብቀው?»

«ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግፊያ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ በእሱ ነው። ‹ለአሰልጣኙ ንገር፣ አንገታችንን ልታሰብረን ነው› አልኩት። ከቡድኑ ጋር አንድ የመጨረሻ ጉዞ ብቻ ብሎ ለመነኝ።»

ሌቪም አልካደም። «ትከሻውን በፋሻ የማስርለት እኔ ነኝ። ከእኔና ከፔሳሚኖ ሌላ ማንም አያውቅም።»

ሴቴፋኖ የአለቃው የሌኦታ የእህት ልጅ ነው። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ ደረቱ በር የሚያህል ጎልማሳ።

«ኡኤሌሴን ትወደው ነበር?» አለችው ፉዋቲኖ።

«ማን ይጠላዋል?»

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ አንተ ነው።»

«ሰሞኑን የውርወራውን ልምምድ ሁሉ እኔ ላይ ጭኖ ተቀምጦ ያየኝ ነበር፤ እንደ አሽከር። ለካ ለብቻው ይለማመዳል።»

«አይተኸዋል?»

«ኳሶቹን አላዩም እንዴ?»

ፉዋቲኖ ቃሉን መዝግባ ወጣች።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሁሉንም በሌኦታ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቤቱ ምሰሶ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ተሰብሳቢው በሙሉ በመንደርተኛ ዓይን ተከቧል። ፊቱን የሚያዞርበት ያገኘ የለም።

«ኳሶቹን የበተነው ገዳዩ ነው» አለች። «ሲወረውር ወደቀ እንድንል። ኡኤሌሴ ግን እጁ አይነሳም። ይህን የሚያውቅ ሰው ኳስ አይበትንም። ሌቪ ያውቃል፤ በእጁ ያስርለታል። ፔሳሚኖ ያውቃል፤ ክንዱን ተሸክሞት ኖሯል። ሁለት ቁጥርና ሁለት ቁጥር ግን ግፊያ ውስጥ ተቃቅፈው አያውቁም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ቀን ከሌት ዓይኑን ያልነቀለበት ሰው ያን ክንድ አንዴም አልያዘውም።»

«የእህቴን ልጅ ነው የምትይው?» አለ ሌኦታ።

«ተዉዋት አጎቴ» አለ ሴቴፋኖ። «ኒውዚላንዶች ለብሔራዊ ቡድናቸው ሊወስዱኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ብዬ እዚህ መጣሁ። አንድ የሳሞአ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ኡኤሌሴ ባቴን ጨመደደኝ ብሎ ተኛ፤ ግባ አሉኝ፣ ገባሁ። ለአንድ አገር የገባ ለሌላ አይጫወትም። ኳስ እንኳ አልነካሁም፤ ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ነኝ። ትናንት ‹የእውነት አሞህ ነበር?› አልኩት። ‹እንዳታመልጠን ነው› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት።»

ፔሳሚኖ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ሰኞ ማሊያውን ሊያስረክብህ ነበር። ከጭቅጭቃችን በኋላ ማለልኝ። ሲያስወረውርህ የሰነበተው ለዚያ ነው።»

ሴቴፋኖ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

በአገራችን የበዳይ ወገን ምርጥ ምንጣፉን ተከናንቦ በሟች ደጅ ይንበረከካል። የሟች ወገን ምንጣፉን ካነሳለት ምሕረት ነው፤ ካላነሳለት እግዜር ይሁነው። ጎህ ሲቀድ፣ የሰውን ቤተሰብ ሊያባርር የነበረው ሌኦታ ከእህቱ ልጅ ጋር በአንድ ምንጣፍ ሥር ተንበረከከ። ፉዋቲኖ ካቴናውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ራቅ ብላ ቆመች። ሕጉ እስኪነጋ ቢጠብቅ ምን ይሆናል አለች በልቧ።

ፔሳሚኖ ከሕዝቡ መሃል ወጣ፣ ምንጣፉ ሥር ገባና በሴቴፋኖ ቀኝ በኩል ተንበረከከ።

«ያዘኝ» አለው። «መሃል ያለው ከወደቀ ሁላችንም እንወድቃለን።»

ሴቴፋኖ ቀኝ ክንዱን አንስቶ የፔሳሚኖን ትከሻ ያዘ። የኡኤሌሴ እናት ወደ ደጅ ወጣች።