መጀመሪያ ይዘቱ፣ ከዚያ ስሙ

ሶርሳን የተዋወቅሁት ኮምፒውተሬን ከሶኬት ነቅሎብኝ ነው።

ሶዶ ተማሪ እያለን፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ።

«ምን ሆነሃል አንተ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብዬ... ይቅርታ እህቴ።»

«የግማሽ ቀን ሥራዬን አጠፋህ እኮ!»

ጭንቅላቱን አከከ። «ግን ፋይሉ መትረፍ ነበረበት። ለምን ጠፋ?»

በዚያች «ለምን» ወደድኩት። ሞኝ ነበርኩ።

መብራት ሲሄድ ሲመጣ ለሚውልበት ከተማ ልጆች ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከርነል በሚባለው የኮምፒውተር እምብርት ውስጥ ፋይል የሚያስቀምጥ ኮድ አለ፤ የቻለ ሁሉ ሊያሻሽለው ይችላል። መብራት ሲሄድ ፋይል እንዳይጠፋ ያንን ኮድ ዓመት ሙሉ ስናስተካክል ከረምን። የምጽፈው እኔ፣ የሚፈትነው እሱ። ላፕቶፕ ስላልነበረኝ የምሠራው በእሱ ነበር፤ ባትሪው የሞተ፣ ካልተሰካ የማይበራ። በላፕቶፑ ላይ የተሞላው የእሱ ስም ስለሆነ የጻፍኩት መስመር ሁሉ በእሱ ስም ይመዘገባል።

«ስንልከው አስተካክለዋለሁ፣ ፍሬ» አለኝ።

አላስተካከለም። ኮዱ በስሙ ተላከ፤ ተቀባይነት አገኘ፤ እሱም በዚያው አዲስ አበባ ተቀጠረ። ስልኬን ማንሳት ተወ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ የተበላሸ ኮምፒውተር ስጠግን ቀረሁ። አለቀስኩ። ከዚያ ለቅሶውን ትቼ ቂሜን ቋጠርኩ።

ሁለት ዓመት ጠበቅሁት። አምና ሶርሳ ያንኑ ኮድ እንደ አዲስ ሊያደራጀው ተነሳ። ሥራው ሳይለወጥ ውስጡን ማጽዳት ማለት ነው፤ ቤቱን ሳያፈርሱ ጓዳውን እንደማስተካከል። እንዲህ ያለ ለውጥ በኢሜይል ለሁሉም ይላካል፤ የፈለገ ይመረምረዋል፤ ስህተት ከተገኘበት ይመለሳል።

መረመርኩዋ! ያውም በሙሉ ስሜ።

«እዚህ ጋ ስህተት አለ» ብዬ መለስኩበት። አርሞ ላከ። መለስኩበት። ስድስት ጊዜ! ሐሰት አልጨመርኩም፤ ስህተቶቹ ሁሉ እውነተኛ ነበሩ። እሱም በሰው ሁሉ ፊት «ስለ አስተያየትሽ አመሰግናለሁ» ይለኛል። ደስ ሲለኝ!

አንዷን ስህተት ግን ደበቅኳት። አዲስ ፋይል አሮጌውን ሲተካ መጀመሪያ ይዘቱ ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት፣ ከዚያ ስሙ። ሶርሳ ሲያደራጅ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ስሙ ይቀራል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ሐሳቤ ኮዱ ጸድቆ በየአገሩ ከተሰራጨ በኋላ ላዋርደው ነበር።

አብራኝ ለምትሠራው ለሃይሚ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«በሶርሳ ተናደሽ የማንን ፋይል ነው የምታጠፊው? ገሱባ ጤና ጣቢያ የታካሚ መዝገብ በኮምፒውተር የምትይዘው ነርስ ምን አደረገችሽ?»

በቀሌን ሳስብ ነርሷን አላሰብኳትም ነበር።

በማግስቱ ሶርሳ ራሱ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ያንን አሮጌ ላፕቶፕ አቅፏል።

«ስድስት ጊዜ መለስሽኝ» አለ።

«ሰባተኛም አለ።»

«ይገባኛል። ስምሽን ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቱን ለሁሉም ልጽፍ ነው፣ ፍሬ። አንብቢውና እልከዋለሁ።»

ላፕቶፑን ሰካው። ረጅም ደብዳቤ! የእናቱ ሕመም፣ ሥራ ማጣት፣ የጊዜ ጥበት... የእኔ ስም የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ደሜ ፈላ።

«አዲሱ ኮድህ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው?»

«አዎ።»

«ስሜን ወደ ላይ አምጣውና ሴቭ አድርገው።»

አደረገው። እኔም ሶኬቱን ነቀልኩት!

መልሶ ሲያበራው የፋይሉ ስም አለ። ሲከፍተው... ባዶ! ቀና ብሎ አየኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ልታዋርጂኝ?»

«አዎ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብሎ እንደገና ጻፈ፤ ሁለት መስመር ብቻ። «ይህን ኮድ የጻፈችው ፍሬሕይወት ናት። እያወቅሁ በስሜ አስቀረሁት።» ዓይኔ እያየ ላከው።

ያኔ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት እነዚያን ሁለት መስመሮች ነበር።

«መጀመሪያ ይዘቱ፣ ከዚያ ስሙ» አልኩትና ስህተቷን አብረን አረምናት። ኮዱ ጸደቀ። እሱ ግን ሥራውን አጥቶ አረካ ወላጆቹ ቤት ገባ። አላሳዘነኝም ብል ውሸት ነው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ እንዳለፈ ሽማግሌ ላከ። መለስኳቸው። እንደገና መጡ። መለስኳቸው። በሦስተኛው ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አቶ ባዳቾ ተማረሩ።

«ልጄ፣ ከአረካ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ እኮ! ስንቴ ነው የምትመልሺን?»

«ስድስቴ» አልኳቸው።

አባቴ ተቆጣኝ። እኔም ሶርሳን እወደዋለሁ፤ ቂሜም ቢሆን ከዚያው ከፍቅሬ የመጣ ነበር። በአራተኛው እሺ አልኩ።

የሠርጋችንን መጥሪያ ልናሳትም ስንሄድ አታሚው እንደ ልማዱ የሙሽራውን ስም አስቀደመ። ገና አፌን ሳልከፍት ሶርሳ «የእሷ ይቅደም» አለው።

አልተቃወምኩም።