ሳትታዘዝ የዘጋችው በር

አስከሬኑን ያገኙት ጠዋት ሥራ ሲገቡ ነው። የዓሣ ማከማቻው ባለቤት በትልቁ የበረዶ ክፍል ውስጥ፣ በሳጥኖች መካከል በጀርባው ተንጋሎ ደርቋል። ቅንድቡ ላይ በረዶ ጋግሯል፤ ከማጅራቱ ሥር ደም ረግቷል። ከበላዩ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል።

በሩን የከፈተው ቴክኒሻኑ ስለነበር መጀመሪያ የጮኸውም እሱ ነው። ሽማግሌው ዘበኛ እያለከለከ ደረሰ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እርጥቡ ወለል ላይ ተዘረፈጠ። ዓሣ የምትመዝነው ሴት ግን፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሚዛኗ» የሚላት፣ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችምም። ዓይኗ ከበሩ ውጪ ጥንድ ሆኖ በተቀመጠው የሟቹ ጫማ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ክፍል በር ከገፉት ራሱን ይቀረቅራል። ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ሌላው ሰው እስኪናገር ይጠብቃል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ራሳቸው አንድ ልማድ አበጁ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ጫማውን በሩ ላይ ያወልቅና ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ወፍራም ቦቲዎች አንዱን ያጠልቃል። ጫማ ካለ ሰው አለ፣ ጫማ ከሌለ ሰው የለም። እዚያ ቤት የሰው ነፍስ የሚጠበቀው በጫማ ነበር።

ትናንት ወደ ማምሻው ላይ ሚዛኗ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጫማ አላየችም። «ሰው አለ?» ብላ ተጣራች፤ መልስ የለም። ብርዱ እየወጣ ዓሣው እንዳይበላሽ በሩን ገፋችው፤ ተቀረቀረ። ከዚያ ውጪ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ተጭና መብራቱን አጠፋችና ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች። ማንም ሳያዛት አንድ ነገር ስትሠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሁን ጫማው ይኸው። ታዲያ ትናንት ዓይኔ ታውሮ ነበር? ሰውየውን ከነነፍሱ ቀረቀርኩበት?

ሟቹን ሠራተኞቹ በጓዳ «አባ ጠይቁኝ» ይሉት ነበር። አምፖል ሲቃጠል እሱ ይጠየቃል፤ መጥረጊያ ሲያልቅ እሱ ይጠየቃል። ሳይጠይቅ የነካ ወዮለት! እንዲህ ሲል ኖሮ ባለፈው ወር ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ማቀዝቀዣው ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ እጁን አጣምሮ፣ እያየ፣ የሚያዘው ጠፍቶ ያ ሁሉ ዓሣ ሸተተ። ሰውየው ከሆስፒታል ሲመለስ ሰብስቧቸው መሳደብ ጀመረና ድንገት አቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያደነዘዝኳችሁ። ከእንግዲህ ያየ ይሥራ። ሳይታዘዝ የሚያስብ ሰው ካገኘሁ ሥራ አስኪያጅ አደርገዋለሁ።» ታናሽ ወንድሙ በጣም አጨበጨበ። ቦታው የማን እንደሆነ እሱ ዘንድ ያለቀ ጉዳይ ነበርና።

መርማሪዋ ስትደርስ ፀሐይ ከፍ ብሏል። አጭር፣ ጎልማሳ፣ የወንድ ሹራብ የለበሰች፣ ቅርንፉድ የምታኝክ ሴት ናት። ለማንም ሰላምታ ሳትሰጥ ገብታ ከሟቹ እግር አጠገብ ቁጢጥ አለች። የቦቲውን ሶል በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ጣቷን አየች። ቀጥሎ የራሷን ጫማ ገልብጣ አየች፤ ሶሉ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጣጥፏል። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ፎቁ ላይ ወዳለው ቢሮ ወጥታ ቆየች።

ስትወርድ አንድ በአንድ አናገረቻቸው።

«በሩን ስትከፍት መብራቱ እንዴት ነበር?» አለችው ቴክኒሻኑን።

«ይበራል። እኔ ከበሩ በስተቀር ምንም አልነካሁም። እንኳን መብራት፣ ትንፋሼንም አልነካሁ!»

«ትናንትስ?»

«ቀድሜ ነው የወጣሁት።»

«ማን አየህ?»

«ማንም አላየኝም» አለ ቴክኒሻኑ። ዘበኛውም የጠቀመው ነገር አልነበረም። «ጓሮ ውኃ ስቀዳ ነበር የኔ እመቤት፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደወጣ አላየሁም» አለ። «እንዲያው ልዋሽዎት?»

ታናሽ ወንድምየው ዓይኑን እየጠረገ መለሰ። «እኔ በጊዜ ነው የወጣሁት። ወንድሜን ቢሮው በደኅና ትቼው ነው። ሚዛኗ ያን ጊዜ ጓሮ ሳጥን ታጥብ ነበር። ቤቴ ገባሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ይህን እንደምሰማ ባውቅ ኖሮ...» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ሚዛኗ ተራዋ ሲደርስ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች።

«ትናንት ሥራ ስትጨርሺ ወዴት ሄድሽ ልጄ?»

«ሳጥኖቹን አጥቤ በቀጥታ ወደ ቤቴ።»

«በቀጥታ?»

«በቀጥታ።»

መርማሪዋ ቅርንፉዷን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች። «ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ።»

«ከአንቺ ሌላ የሚያሳድጋት አላት?»

«የላትም» አለች ሚዛኗ። ጥያቄው እንደ እጅ ብረት ከበዳት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ነበር ዝም ያለችው። ልጄ ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ማን ይከፍትላታል? እያለች የቀኑን ግማሽ በፍርሃት ፈጀችው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ አራቱንም ሚዛኑ ባለበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ስመጣ የተነገረኝ አደጋ ነው ተብሎ ነው» ብላ ጀመረች። «ሰውየው ገባ፣ በረዶው አንሸራተተው፣ በሩ ተዘጋበት። ጫማው ውጪ ነው፣ ቦቲው እግሩ ላይ ነው፣ መብራቱም በርቷል። ሁሉም በየቦታው። እኔ ደግሞ ሁሉም በየቦታው ሲሆን ደስ አይለኝም።»

ጫማዋን ገልብጣ ሶሉን አሳየቻቸው።

«እዚህ ቤት አንድ እርምጃ የሄደ ሰው ሶሉ ላይ ቅርፊት ይዞ ነው የሚሄደው። ወለሉ ከበሩ ውጪም ውስጥም ቅርፊት ነው። የሟቹ ቦቲ ሶል ግን ታጥቦ እንደተሰቀለ ንጹሕ ነው። በእግሩ አልገባም። ተሸክመው ነው ያስገቡት፤ ቦቲውን ያጠለቁለት፣ ጫማውንም በሩ ላይ ያስቀመጡት ሌላ ሰው ነው።»

«ወንድሜን?» አለ ታናሽየው ብድግ ብሎ። «ተሸክሞ? እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ከቴክኒሻኑ ሌላ ማን አለ? ክፍሉን ጠዋትና ማታ የሚከፍት የሚዘጋው እሱ! ሲወጣ ያየው የለ!»

ቴክኒሻኑ ፊቱ አመድ መሰለ። «በልጆቼ እምላለሁ...» ቢልም ሰሚ አላገኘም። አንደኛው ፖሊስ ወደ ቴክኒሻኑ ጠጋ አለ።

ሚዛኗ ከወንበሯ ጥግ ሆና ሁሉንም ታያለች። አፏን ከዘጋች ልጇ ዘንድ ትገባለች። ማንም የጠየቃት የለም፤ ለስንት ዓመት የኖረችውም ካልተጠየቁ ባለመናገር ነው። ነገር ግን ክፍሉን ትናንት የዘጋው ቴክኒሻኑ እንዳልሆነ በዚህች ምድር ላይ የምታውቀው እሷ ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይድረስ እንግዲህ። ቆመች። ከመቆሟ በፊት የወሰነች አይመስላትም።

«ሳልጠየቅ ልናገር» አለች ድምጿ እየተሰበረ። «ትናንት ማታ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጫማ አላየሁም። ተጣርቻለሁ፣ መልስ የለም። ዘጋሁት። ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ። ከገደልኩትም... የገደልኩት እኔ ነኝ። እሱን ልቀቁት።»

ታናሽ ወንድምየው ጣቱን ቀስሮባት ጮኸ። «አያችሁ? ይቺ ናት! አፏን ዘግታ ስታላቅሰን ዋለች! በሩን ቀርቅራ፣ መብራቱንም አጥፍታ፣ እንደ ድመት ኮቴዋን ሳታሰማ ወጣች!»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኘኳን አቆመች።

«ልጄ፣ ስለ መብራቱ ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም» አለች ሚዛኗ።

«አጥፍተሽው ነበር?»

«አጥፍቼው ነበር።»

«ለማንም አውርተሻል?»

«ለማንም አላወራሁም። ለራሴም ፈርቼ!»

መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ዞረች። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «ጠዋት ያገኛችሁት የበራ መብራት ነው። ማብሪያው ያለው ውጪ ነው፤ የሞተ ሰው ወጥቶ አያበራም። ስለዚህ ይቺ ሴት ዘግታና አጥፍታ ከሄደች በኋላ አንድ ሰው መጥቶ አብርቶ፣ ከፍቶ፣ ሰውየውን አስገብቷል። በዘጋችበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። ጫማ ያላየችውም ጫማ ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው እንደዋሸኝ ከጠዋቱ አውቄ ነበር፤ ሁለት መሆናችሁን ግን አሁን አወቅሁ። አንተ እሷ ጓሮ ሳጥን ስታጥብ ወጥቼ ሄድኩ አልከኝ። ቤትህ ሆነህ ነው ማጥፊያውን ስትጫን ያየሃት?»

ታናሽየው ከንፈሩን ላሰ። «ዘበኛው ነው የነገረኝ።»

«እኔ?» አለ ዘበኛው። «ጓሮ አልነበርኩም እንዴ? ምኑን አይቼ!»

«ያ በር ሳይጠጉት የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከግቢው ማዶ ካለው የፎቁ መስኮት» አለች መርማሪዋ። «እዚያው ቢሮ ውስጥ የብረት ካዝናው አንድ ጠርዝ ታጥቧል። ሌላው ጠርዝ የዓመት አቧራ ተሸክሟል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ታናሽየው ተቀመጠ። ጠዋት ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ያለቅስ ነበር፤ አሁን ዓይኑ ደረቅ ነው።

«መስኮቱ ጋ ቆመን ነበር» አለ። «ቦታውን ስጠኝ እያልኩት ነበር። ይቺ መጣች። ጫማ ፈለገች፣ ተጣራች፣ ዘጋች፣ አጠፋች። እሱ ሳቀ። ‹አየሃት? ማንም አላዘዛትም። ይኸው የምፈልገውን ሰው አገኘሁ፤ ከነገ ጀምሮ ሥራ አስኪያጅ እሷ ናት› አለኝ። የገዛ ወንድሙ እያለሁ፣ ዓሣ መዛኝ! ገፋሁት። ካዝናው ላይ ወደቀ። የሞተ መሰለኝ።»

«አልሞተም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የገደለው ብርዱ ነው ብሏል።»

ታናሽየው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አላየም። ሲወስዱትም አልተወራጨም።

ሚዛኗ ቆማ እንደነበረች ቀርታለች። ቴክኒሻኑ እጇን ይዞ «እህቴ፣ እህቴ» ይላል። አልገደለችውም። ግን እሷ ያንን በር ባትዘጋ ኖሮ፣ ያ ሰው ባይስቅ ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ሲወርድ ታየው ነበር። ይህን ስታስብ እንባዋ፣ ጠዋት እምቢ ያለው፣ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

«በሩን መዝጋትሽ ጥፋት አልነበረም» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ዝም ማለትሽ ነበር። እሱንም ራስሽ አረምሽው።» ሹራቧን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች።

ወዲያው ከውጪው በር ክላክስ ተሰማ። ዘበኛው ሮጦ ወጣና ሮጦ ተመለሰ።

«መኪና ነው፤ ሙሉ ዓሣ ጭኖ። ሰው ሞቶብናል፣ ተመለስ ልበለው? ይግባ? በረዶውም እየቀለጠበት ነው። ማንን ልጠይቅ?»

ቴክኒሻኑ ሚዛኗን አየ። ዘበኛውም አያት። እሷ ከልማዷ የተነሳ ግቢውን አሻግራ ወደ ፎቁ መስኮት ቀና አለች። መስኮቱ ባዶ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም አሁን ባሰባት።

«ይግባ» አለች። «በትንሹ የበረዶ ክፍል እናስገባዋለን። እኔ እመዝናለሁ።»