ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ

የጀልበኛው የበላቸው ሬሳ ከዓባይ በወጣ በማግስቱ ኢንስፔክተር ብሩክታይት ከቢቸና ተጠርታ ሞጣ ደረሰች። ጣቢያው ውስጥ ጀልባዋን የጠገነው በያጁ ስጦታው ታስሯል፤ ከበሩ ፊት የሟቹ ወንድም ወንደሰን ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሐሳቡን አልደበቀም፤ ስጦታው የተፈታ ዕለት የወንድሙን ደም ይመልሳል።

«ጉድ እኮ ነው! አንዱን ሳንቀብር ሁለተኛው ተረኛ ሆነ» አለች በልቧ።

ስጦታው ሥራውን ነገራት። «ጀልባዋ አሮጌ አሉሚኒየም ናት። ውሃ ከወለሏ ሥር፣ በየጎድኗ መሀል ይተኛና አልወጣ ይላል። ወለሉን አንሥቼ የጎድኖቿን ሥር ሸነቆርኩ፣ ውሃው ወደ ኋላ እንዲወርድ። ከኋላዋ የነበረውን የእንጨት ውታፍ ጥዬ በብሎን የሚዘጋ መውረጃ አበጀሁላት። በእመቤቴ፣ እኔ አልገደልኩትም!»

«ብሎኑን ማን ያውቃል?»

«ማክሰኞ ነው ያስረከብኩት፣ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። እኔና እሱ ብቻ ነን። ከታሰርኩ ወዲህም ካንቺ በቀር ያናገረኝ የለም።»

ወደ ወንዙ ወረደች። ጀልባዋን ጎትተው አውጥተዋታል። ብሎኑ የለም፤ ጣቷን ሰድዳ ብትዳስስ ግን የቀዳዳው ጥርስ ደህና ነው። በግድ ቢወጣ ኖሮ ጥርሱ በተበላ ነበር። ደግሞስ ክፍት ቀዳዳ ከዳር ጀምሮ ውሃ ያስገባል፤ ዐሥር ዓመት የቀዘፈ ሰው እንዴት እስከ መሀል ሳያውቅ ይሄዳል? ይህ አላስቀምጣት አለ።

ጀልባዋ ትቆምበት በነበረው ዳር ሁለት ላሞች ጠጠሩን እየተጋፉ ይልሳሉ። ቢያባርሯቸውም ይመለሳሉ። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ቀመሰችና ተፋችው። ጨው ነው!

ከዚያ ሟቹን የሚያውቁትን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጀልባዋ ለምን ሰጠመች?

«ውታፉ ተነቅሎ ነዋ!» አለ በታንኳ ሰው የሚያሻግረው ዘመነ። «ተቀናቃኙ ስለሆንኩ እኔን ልትይ ነው?»

«ውታፏ ተነቅሎ ይሆናል» አለች የሟቹ ሚስት ሙሉዬ እያለቀሰች። «የአባቱ መሬት ደብተር በስሙ ሊዞርለት ሳምንት ነበር የቀረው።»

ወንደሰን ግን ጮኸ። «እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቢቸና ከብት ገበያ ነበርኩ፤ ለቀብር ነው የመጣሁ! ያ ልክስክስ በያጅ አላጠበቀው፣ መሀል ላይ ተፈታ!»

በሣልስቱ ዕለት ሁሉንም የሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ስጦታው በካቴና መጣ። ወንደሰን ጠመንጃውን ከምሰሶው አስደግፏል፤ አንድ ፖሊስ ቀስ ብሎ ከጠመንጃው አጠገብ ተቀመጠ።

«ብሎኑን ሰው በእጁ አውጥቶታል» አለች ብሩክታይት። «በምትኩ አሞሌ ቀርጾ ወተፈበት፤ ፍርፋሪውን ላሞች አገኙልኝ። በላቸው ቢዳስሰው የተዘጋ መሰለው። ጨው ግን ይሟሟል። ውሃው ከወለሉ ሥር ሆዷን ሁሉ አዳረሰ፤ ከወለሉ በላይ ሲታይ ወንዙ መሀል ደርሷል።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ዘመነ።

«አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ግስ ስሳሳት አይምሩኝም ነበር። ውታፍ ይነቀላል። የሚፈታው ብሎን ነው። አንተና ሙሉዬ "ተነቀለ" አላችሁ። ወንደሰን፣ በላቸው ከሞተ የአባታችሁ መሬት ላንተ ይቀራል፤ አንተ "ተፈታ" ያልከው ብሎን መሆኑን ማን ነግሮህ ነው?»

«በአንዲት ቃል ሰው ይታሰራል?» ወንደሰን ሳቀ። «ቢቸና ነበርኩ አልኩ!»

ብሩክታይት ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እናት ዞረች። «እመይቴ ወለተ ሐና፣ ጓዳዎ ያለው አሞሌ ጫፉ በቅርቡ ተቆርጦ አይቻለሁ። ለማን ሰጡት?»



«እናቴ!» አለ ወንደሰን።

እናትየዋ ልጃቸውን አዩት። የቀራቸው እሱ ብቻ ነው፤ ዝም ቢሉ ቤታቸው ይገባል። ከዚያ የስጦታውን ካቴና አዩ።

«ረቡዕ ቀትር ላይ መጣ» አሉ። «"ለበሬዎቼ ነው" አለኝ። እኔው በእጄ ቆርጬ ሰጠሁት።»

ወንደሰን ወደ ምሰሶው ቢወረወር ፖሊሱ ቀደመው። እየጎተቱ ሲያወጡት እናትየዋ ቀና አላሉም።

ካቴናው የወለቀለት ስጦታው እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም ትከሻውን ይዘው አነሡት።

«ሂድ ልጄ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል» አሉት። «የእኔስ ዛሬ አለቁ።»