ከእራት በኋላ የተገኘው ጽዋ

ሞሊ ታሪ በደሴቲቱ የወደብ ከተማ በሉጋንቪል፣ በካቫ ቤት ጓሮ፣ ከዋርካው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ደረቱ ካቫ በሚባለው፣ ከተክል ሥር በሚጨመቅ አደንዛዥ መጠጥ ርሷል፤ ከእጁ አጠገብ ባዶ የኮኮናት ጽዋ ወድቋል። ወደቡን ለውጭ አገር የጦር መርከቦች ማቆሚያ የማከራየቱን ድርድር የመራው እሱ ነበር። ውሉ የሚፈረመው ዛሬ ነው።

«ካቫው በርትቶበት ወድቆ ነው» አለ አንዱ ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ሌይሳሌ ጎንበስ ብላ የራስ ቅሉን ከኋላ በኩል ዳሰሰች። ተሰንጥቋል። የዋርካው ሥር ላይ ግን የደም ጠብታ እንኳ የለም። ከንፈሩን ገለጥ አደረገች። በጥርሶቹ መሀል የላፕላፕ ፍርፋሪ አለ፤ በኮኮናት ወተት የተጋገረ ቦዬ።

ከአጥሩ ውጭ ሕዝቡ «ገዳዩን ፈረንጅ አውጡልን!» እያለ ይጮሃል። ፈረንጁ ሃርዊክ ወደቡን የሚከራየው አገር አማካሪ ነው። ግራጫው የጦር መርከባቸው ወደቡ አፍ ላይ ቆሟል፤ ሃርዊክን የነካ ቢኖር ወታደሮች እንደሚወርዱ አዛዡ አስታውቋል። ሌይሳሌም በልቧ ገዳዩ ሃርዊክ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። ስለዚህ ራሷንም አላመነችም።

«ሞሊ ትናንት ማታ እቤቴ እራት በላ። ማዳም ቮታሪም ነበረች። ከዚያ በእግሩ ሄደ» አለ ሃርዊክ።

«እርስዎ ካቫ ይጠጣሉ?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየምሽቱ። ሚስቴ ጥላኝ የሄደችው በዚሁ ነው።»

የወደቡ ኃላፊ ማዳም ቮታሪ ቃሉን አረጋገጠች። «ሁለቴ አስጨመረ! ‹ለነገው ንግግር ሆድህ ውስጥ ቦታ ተው› ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን አልሳቀም። ‹ከእኛ አንዱ ምስጢራችንን ያወጣል› ብሎ ሹክ አለኝ።»

«ማንን ጠርጥሮ?»

«እኔንም ሊሆን ይችላል። ሲናገር ዓይኔን አላየም።»

የሟቹ የእህት ልጅና ረዳት ጋራኤ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። «ትናንት ማታ ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ካቫ ቤት ሄድኩ። አጎቴ ሁለት ጽዋ ሲጠጣ አይቼ፣ ደህና እደር ብዬው ተለየሁ።»

«እዚያ መብራት የለም። እሱ መሆኑን በምን አወቅክ?»

«አጎቴን በሳሉ አላውቀውም?»

«ሳይበላ ነው የጠጣው?»

ጋራኤ በእንባው መሀል ፈገግ አለ። «አይ ኢንስፔክተር! ውጭ አገር ስትማሪ ረሳሽው እንዴ? ካቫ እኮ በባዶ ሆድ ነው! በልቶ የሚጠጣ ሰው አንጀቱ ይገለበጣል። ‹ርቦኛል፣ ቤት ስገባ እበላለሁ› ነው ያለኝ።»

«እውነትህን ነው» አለች ሌይሳሌ።

ሦስቱንም መርከቡ ከሚታይበት የወደቡ ቢሮ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሞሊ የሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ ከዋርካው ሥር ደም የለም። ካቫውም የፈሰሰበት ልብሱ ላይ ብቻ ነው፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሆዱ ውስጥ ጠብታ አላገኘም። ታዲያ ጽዋውን ማን አስቀመጠው? ሚስተር ሃርዊክና ማዳም ቮታሪ ሲበላ አይተውታል። በልቶ ካቫ የሚጠጣ እንደሌለም ሁለቱም ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ሌላ ሰበብ ይፈልግ ነበር። ጽዋውን ያስቀመጠው ልማዱን የሚያውቅ፣ እራቱን ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ እኮ ሲጠጣ አይቼዋለሁ!» አለ ጋራኤ።

«‹ርቦኛል› ሲልም ሰምተኸዋል። ላፕላፕ በላዩ በላዩ ደርቦ ከበላ በኋላ።»

ጋራኤ በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አለ። «እቤቱ ስደርስ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ» አለ። «‹ወደቡን ቢበዛ ለስንት ዓመት እንደምንሰጥ የምናውቀው እኔና አንተ ነን፤ ተከራዮቹ ከየት ሰሙት?› አለኝ። ገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ… ካቫ ጥሎት የወደቀ እንዲመስል ነው ወደ ካቫ ቤቱ ጓሮ የወሰድኩት። እንዲሞት አልፈለግኩም ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሃርዊክ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ኮፍያውን አነሳ።

«እንግዲህ ነጻ ወጣሁ። ወደ ፊርማው እንሂድ?»

«ከግድያው ነጻ ነዎት» አለች ሌይሳሌ። «ጋራኤ ምስጢሩን ሲያወራ ግን የሚያዳምጠው ማን ነበር?»

ሃርዊክ ዓይኑን ወደ መርከቡ መለሰ። ማዳም ቮታሪ ለፊርማው የተዘጋጀውን እስክሪብቶ ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና፣ ፊርማው መቅረቱን፣ የወደቡ አጥር ድረስ ለመጣው ሕዝብ ልትነግር ወረደች።