ሣህሌ የማን ልጅ ነው?

«ነቢዩ፣ ሣህሌ፣ ደምመላሽ፣ ሰብሃት…» ዝማሬ በጣቷ እየቆጠረች ግቢውን ትዞራለች። ነገ ክላስ ውስጥ ቲቸር የዘር ሐረግ ያስቆጥራቸዋል። ሰባት ቤት የሞላላት ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ እንዴት አትዘል? የላይኞቹን ከዘመዶቿ የቴሌግራም ግሩፕ ነው ያገኘቻቸው። ጓደኛዋ መሲ ላይማ ስንቴ ጉራዋን ነዛችባት፤ «የፊታውራሪ ደምመላሽ ዘር ነኝ፣ መንገድ ልቀቂ» እያለች።

«አባባ፣ ይስሙኝ እስቲ። ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።»

አያቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። የራሳቸው ስም ላይ፣ «ሣህሌ» ስትል፣ ፈገግ አሉ። «ደምመላሽ» ስትል ግን እጃቸውን አነሱ።

«እዛች ጋ ቁሚ፣ ልጄ። ፊታውራሪ የክርስትና አባቴ ናቸው። የወለደኝ ኮቺቶ ነው፤ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል።»

ዝማሬ ሳቀች። ቀልድ መስሏት እኮ ነው። አባባ አልሳቁም።

«ልማር ብዬ ቦንጋ እሳቸው ቤት ገባሁ። ሲያስመዘግቡኝ ‹የማን ልጅ ነው?› ተባሉ፣ ‹የኔ› አሉ። በክፋት አይደለም። በዛው ቀረ።»

«አባትዎስ?»

«ገበያ ሲመጣ በትምህርት ቤቱ አጥር ያየኝ ነበር። አንድ ቀን ማር በቅል ይዞ ቆሞ ሳለ፣ አስተማሪው ‹ሣህሌ ደምመላሽ› ብሎ ጠራኝ። ‹አቤት› አልኩ።» አባባ መዳፋቸውን አዩ። «ሰማ። ቅሉን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። ከዛ ወዲያ አልመጣም።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከኮቺቶ በላይ ማን እንዳለ አባባም አያውቁም። ልጅ ነበሩ። የዝማሬ ሰባት ቤት ሦስት ሆኖ ቀረ።

ጠዋት አባባ «ልሸኝሽ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተከተሏት። ዘበኛው «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» ቢላቸውም እምቢ ብለው አጥሩ ጋ ቆሙ።

መሲ ነገሩን ስትሰማ ወደ ዝማሬ ጆሮ ተጠጋች። «አብደሻል? ደምመላሽን በይ። ማን ያውቃል? ሦስት ብቻ ብትይ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚያሾፉብሽ።»

ተራዋ ደረሰ። ዝማሬ ወደ ሰሌዳው አልሄደችም። ወደ መስኮቱ ሄዳ ከፈተችው።

«ዝማሬ ነቢዩ» አለች። ድምጿን እስከ አጥሩ እንዲደርስ ከፍ አደረገችው። «ነቢዩ ሣህሌ። ሣህሌ ኮቺቶ።»

«እሺ፣ ከዛስ?» አለ ቲቸር።

«ከዛ አላውቅም፣ ቲቸር።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ከአጥሩ ወዲያ ግን የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«አቤት።»