በወረቀት የተለማመደው በረራ

ባላጂን የሰደበው የበረራ ትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ካፒቴን ፓራንጃፔ ነው። ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሥራ አንድ ተማሪ እየሰማ። «የጎሚስታ ልጅ ጎማ ይለጥፋል እንጂ ስክሪን አያነብም» አለ። አሥሩ ሳቁ። ባላጂ ዛሬም አንድ በአንድ በስም ይጠራቸዋል። ያልሳቀችው የካፒቴኑ የእህት ልጅ ኬታኪ ብቻ ነበረች።

በአሮጌዋ፣ ፍጥነትና ከፍታ በባለ መርፌ ሰዓት በሚነበብባት አውሮፕላን ላይ ባላጂን የሚያክል አልነበረም። በአዲሷ ግን ፍጥነቱም ከፍታውም በሁለት ስክሪን ላይ በቁጥር ሲዥጎደጎድበት ዓይኑ ይባክናል። ፈተናውን ሁለቴ ወድቋል። ሦስተኛውን ከወደቀ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አባቱ ጎማ ቤት ነው፤ ኬታኪንም ዳግም አያያት።

የዚያን ዕለት ማታ ኬታኪ ትልቅ ወረቀት ጠቅልላ መጣች። የአብራሪው ክፍል በልኩ የታተመበት ነው። የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ሁለት ወንበር ደቀነች።

«ተቀመጥ» አለችው።

«በወረቀት ልበር?»

«ነዳጅ አይበላም። ብትከሰክሰኝም አልሞትም።»

ስክሪን ሲጠፋ የሚጫኑት ቀይ ቁልፍ ወረቀቱ ላይ ደብዝዟል። ኬታኪ ለጌጥ ግንባሯ ላይ የለጠፈችውን ቀይ ነጥብ ላጥ አድርጋ እቦታው ለጠፈችው። ከዚያ ወዲያ ባላጂ ያን ቁልፍ ለማግኘት መፈለግ አላስፈለገውም።

ስድስት ሳምንት እንዲህ በረሩ። ሻይዋን ፉት እያለች «ግራው ጠፋ» ትለዋለች፤ እጁ ይወነጨፋል። አንዳንዴ እጇ ላይ ያርፋል። ያኔ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ያፈጣሉ።

የፈተናው ቀን፣ ከሸንኮራ አገዳው ማሳ በላይ ሦስት ሺህ ጫማ ላይ፣ ካፒቴኑ ትንፍሽ ሳይል የግራውን ስክሪን አጨለመው። የባላጂ እጅ ወዲያው ደርሶ ቀዩን ተጫነ። ከግራ የጠፋው ሁሉ በቀኙ ላይ ቦግ አለ። ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውን እንደ ጸሎት አነበነበው። አውሮፕላኗንም መሬት እንዳይነቃ በሚመስል ልስላሴ አሳረፋት።

ካፒቴኑ ክንፉ ላይ ተደግፎ ማለፉን ፈረመለት። ወረቀቱን ሲሰጠው ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ስክሪን ማንበብ ሌላ፣ የእህቴን ልጅ ማየት ሌላ። ልክህን እወቅ።»

ባላጂ መልስ ነበረው፤ ስድስት ሳምንት ሲስለው የከረመ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ኬታኪ ከሜዳው ዳር አየችው፤ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጭቃው ላይ፣ አጎቷ እያያት ወደ እሱ ትሮጣለች።

ወረቀቱን ከካፒቴኑ እጅ መዥረጥ አድርጎ ወሰደ፤ አንዲት ቃል ሳይመልስ ሊቀበላት ሄደ።